አይዞሽን የማዘመን ሥራ

ጠዋት ተነሥታ ውኃ ጣደች። ልጇን ሁለት ጊዜ ጠራቻት፤ ልጅቱም ሁለት ጊዜ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆና “ተነሥቻለሁ” አለች። ሻይ ቀዳች፣ ዳቦ ቆረጠች፣ የልጇን ኩባያ እንዳይቀዘቅዝ ከደነችው። አውቶቡስ ተሳፈረች። ቢሮዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ ላይ የተለጠፈው “በጥገና ላይ” የሚል ወረቀት ከመቆየቱ የተነሣ ወረቀቱ ራሱ ጥገና ያስፈልገው ነበር። በደረጃ ወጣች፣ ኮምፒውተሯን ከፈተች፣ ፕሮግራሙ እየሠራ መሆኑን አየች። እየሠራ ነበር። ትናንትም እየሠራ ነበር፣ ከትናንት ወዲያም።

በዚህ እጅግ አሳሳቢ ሁኔታ ውስጥ ሳለች ነው እንግዲህ ሥራ አስኪያጁ ያስጠሯት።

“እህቴ፣ ተቀመጪ። ግምገማሽን አይቼ ደነገጥኩ” አሏት።

“ምን ተገኘብኝ?”

“ምንም። ችግሩም እሱ ነው። ያንቺ ፕሮግራም ያለፈውን ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልተበላሸም።”

“አዎ፣ አልተበላሸም።”

“ሰው የሚማረው ከስህተቱ ነው ይባል የለም?”

“ይባላል።”

“ታዲያ የማይበላሽ ፕሮግራም ምን ያሳያል? ባለሙያዋ እንዳልተማረች ያሳያል። አፕዴትን እይው እስቲ። የነካው ሁሉ ይበላሻል። ስንት እንደተማረ ገምቺ!”

አፕዴት ጥቂት ዓመት የሚያንሳት የሥራ ባልደረባዋ ነው። ስሙን ያወጡለት የቢሮው ሰዎች ናቸው፤ አዲስ ነገር መጣ ሲባል ለምን እንደመጣ ሳይጠይቅ ሄዶ ስለሚቀበለው። እሷንም “ነጠላ ሰረዝ” ይሏታል። ሌላው ግማሽ ቀን ፈልጎ ያጣትን የተዘለለች ሰረዝ እሷ አንዴ ገረፍ አድርጋ አይታ ታገኛለችና።

ሥራ አስኪያጁ ንግግራቸውን በምሳሌ አሳረጉ። “ያልተገላበጠ ያራል” አሉ። ፕሮግራሙ እሳት ላይ አለመጣዱን ለማስታወስ የደፈረ አልነበረም፤ ነጠላ ሰረዝም ራሷን ነቀነቀች። “እስከ ዓመቱ መጨረሻ ዕድገት ካላሳየሽ ፕሮግራሙን ለአፕዴት ማስረከብ ግድ ይሆንብኛል። ይህን የምለው ለአንቺው ብዬ ነው።”

ፕሮግራሙ የመድኃኒት ቤቶች ነው። የትኛው መድኃኒት እንዳለ፣ የትኛው እንዳለቀ፣ የትኛው ጊዜው ሊያልፍበት እንደሆነ ይናገራል። የጻፉት እሷና ባሏ ናቸው፣ ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ጠረጴዛዎች ላይ። ባሏ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ጠረጴዛው ላይ አሁን ማተሚያ ማሽን ተቀምጧል፤ መልካም ማሽን ነው፣ ወረቀት አይነክስም።

ያኔ ገና ሲጽፉት፣ እሱ ይጽፋል፣ እሷ ትሞክራለች። ሆን ብላ እየተሳሳተች ነበር የምትሞክረው፤ ቀኑን ያለ ዓመት፣ ብዛቱን በፊደል ታስገባለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዷ ስትሳሳት፣ “ስህተት” የሚለው ቀይ ጽሑፍ ይወጣል ብላ ስትጠብቅ፣ “አይዞሽ፣ ከመጀመሪያው እንሞክር” የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ዞር ብላ ስታየው አንገቱን ደፍቶ ሥራ የበዛበት ሰው መስሏል። ፕሮግራሙ ለደንበኞች ሲላክም “ቃሉን ማስተካከል ረስቼ ነው” አለ። ከዚያ ወዲህ ፂማም ይሁን ሽበታም፣ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ሊሸጥ የሞከረ ፋርማሲስት ሁሉ “አይዞሽ” ይባላል።

ፕሮግራሙ ለአፕዴት ከተሰጠ ያቺ ዓረፍተ ነገር በሳምንቷ እንደማትገኝ ነጠላ ሰረዝ ታውቃለች። ይህን ግን ለሥራ አስኪያጁ አልነገረችም። ለማንም ነግራ አታውቅም። ስለዚህ ብልህ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገውን አደረገች፤ ፕሮግራሙን ከለውጥ ለማዳን ራሷ ልትለውጠው ቆረጠች።

ቅዳሜ ጠዋት የምግብ ጠረጴዛው ላይ ትምህርት ተጀመረ። አስተማሪው በቪዲዮ የሚያስተምር፣ ከባድ ነገር ከመናገሩ በፊት “በጣም ቀላል ነው” የሚል ትሑት ሰው ነበር። ልጇ ከጀርባዋ ቆማ አየች።

“እማዬ፣ ምንድን ነው?”

“አዲስ ቋንቋ እየተማርኩ ነው።”

“የት አገር ነው የሚነገረው?”

“አትቀልጂ። የፕሮግራም ቋንቋ ነው።”

“የድሮው ምን ሆነ?”

“ምንም አልሆነም።”

“ይኼኛውስ ምን ይሠራል?”

ነጠላ ሰረዝ ለእውነት የምትጠነቀቅ ሴት ናት፤ ጥቂት አሰበች። “የድሮው የሚሠራውን” አለች።

“ደስ ይላል። በይ አድገሽ ስትጨርሺ ንገሪኝ፣ ጠረጴዛውን እፈልገዋለሁ።”

ከጥቂት ወራት በኋላ ሰርተፍኬት ተላከላት። “አቶ” ብሎ የሚጠራት ሰርተፍኬት ነው፤ ግን ዳር ዳሩን ወርቃማ ሐረግ ስለዞረበት ማንም ልብ አላለም። ፕሮግራሙንም በአዲሱ ቋንቋ እንደገና ጻፈችው። መጀመሪያ ያሻገረችው ያቺን ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ሌላውን ሁሉ ከኋላ አስከተለች። ሲያልቅ ፕሮግራሙ በፊት የሚሠራውን ሁሉ ይሠራ ነበር፣ በዝግታ። ሲከፈት ጊዜ ስለሚወስድ ፋርማሲስቶች ከበሽተኞቻቸው ጋር መጨዋወት ጀመሩ፤ ይህም “ማኅበራዊ ፋይዳ” በሚል ርዕስ በሪፖርቱ ውስጥ ተካተተ።

አፕዴት እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት መጣ። “እትዬ፣ በየትኛው ቋንቋ ነው የጻፍሽው?”

ነገረችው።

“ውይ” አለ።

“ምነው?”

“የለም፣ ምንም አይደል። ጥሩ ቋንቋ ነበር።”

በዚያች “ነበር” ምክንያት ሌላ ግማሽ ዓመት ሌላ ቋንቋ ተማረች። ፕሮግራሙ ለሁለተኛ ጊዜ ተገላበጠ። ያቺ ዓረፍተ ነገርም ለሁለተኛ ጊዜ ተሻገረች።

ደግሞ ሐሰት አይነገር፤ ደስ ብሏት ነበር። አእምሮዋ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ እየተንቋቋ ሲከፈት ይሰማታል። ማተሚያ ማሽኑ ወደተቀመጠበት ጠረጴዛ ዓይኗን ሳትጥል ያለፉ ከሰዓት በኋላዎች ነበሩ። በሐዘኗ ጊዜ “ሥራ ያዢ” ብለው የመከሯት ሁሉ ልክ ሳይሆኑ አልቀሩም። ችግሩ ነጠላ ሰረዝ የያዘችውን ነገር አጥብቃ የምትይዝ መሆኗ ነው፤ ዕድገትንም እንደዚያው ያዘችው። በስብሰባ ላይ እጅ ታወጣ ጀመር። “ነባሩን ይዞ መቆየት” የሚለውን ሐረግ ፊቷን አኮሳትራ ትናገር ጀመር። መመሪያ ጽፋ አስጸደቀች፤ አንቀጽ ሦስት “ወደኋላ የሚመልስ ማሻሻያ አይፈቀድም” ይላል። የጽዳት ሳምንት እንዲታወጅ ሐሳብ ያቀረበችውም እሷ ናት። በጽዳቱ ሳምንት የድሮዎቹ ቅጂዎች በሙሉ፣ ባሏ በእጁ የጻፈውም ጭምር፣ ተሰረዙ፤ ባለሐሳቧም ተጨበጨበላት።

ወዲያው የዓመቱ መጨረሻ የግምገማ ስብሰባ መጣ። ፕሮግራሙ ግድግዳው ላይ በትልቁ ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ ሊያመሰግኗት አፋቸውን ከፍተው ሳለ አፕዴት፣ ነገሩን ለማየት ያህል፣ ቁጥር በሚገባበት ቦታ የራሱን ስም አስገባ። ግድግዳው ላይ፣ የአንድ ክንድ ርዝመት ባላቸው ፊደሎች፣ “አይዞሽ፣ ከመጀመሪያው እንሞክር” የሚል ወጣ።

አፕዴት ወደ ኋላው ዞረ። “እኔን ነው?”

“ይህ ምንድን ነው?” አሉ ሥራ አስኪያጁ። “የተከበረ ወንድ ደንበኛን ‘አይዞሽ’ እያልን ኖረናል?”

“በቀላሉ ‘አይዞህ’ ማለት ይቻላል” አለ አፕዴት።

“ሴቶቹስ?” አለች የሒሳብ ሹሟ።

“እሺ፣ ‘አይዞዎት’ ይባል።”

“ወጣቶቹ አሮጌ አደረጋችሁን ይላሉ።”

“‘አይዟችሁ’ ቢባልስ?”

“አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ‘አይዟችሁ’ ሲባል ከኋላው ማን እንዳለ ዞሮ ሊያይ ነው እኮ።”

“እንግዲያው ፕሮግራሙ ከማጽናናቱ በፊት ጾታና ዕድሜ ይጠይቅ” አሉ ሥራ አስኪያጁ። ሐሳቡ ክብደት ስለነበረው ሁሉም በማስታወሻው ላይ ጻፈው። “ለመሆኑ እንዲህ ብሎ የጻፈው ማን ነው?”

የሒሳብ ሹሟ ጠረጴዛውን አየች። አፕዴትም ጠረጴዛውን አየ፤ ማን እንደጻፈው ሁለቱም መገመት አያቅታቸውም።

ነጠላ ሰረዝ “በፊት የነበረ ሠራተኛ” አለች።

አትንኩብኝ ለማለት ምክንያቱን መናገር ነበረባት። ምክንያቱን ደግሞ ከቤቷ ደጃፍ አውጥታ አታውቅም፣ ሥራ አስኪያጅና የሒሳብ ሹም ወደተቀመጡበት ስብሰባ ይቅርና። ድምፅዋ እንዳይሰበር ስትፈራ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች፤ እንደ ባለሙያ ተናገረች። “የአንቀጽ ሦስትን መንፈስ ተከትለን ስናየው፣ ፕሮግራም ማጽናናት ሥራው አይደለም። ‘ስህተት ተከስቷል’ ቢባል ለሁሉም ይሆናል” አለች። ዓረፍተ ነገሩ እንዳማረ ሆኖ ወጣላት። እዚያው ግድግዳው ላይ ሁሉም እያዩ በገዛ እጇ ለወጠችው።

“አያችሁ? ዕድገት ማለት ይህ ነው! ስሜት የሌለበት!” አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ስሜት እየተናነቃቸው።

እዚያው ስብሰባ ላይ የዕድገት ዋና አማካሪ ሆና ተሾመች። በር ያለው የራሷ ክፍል ተሰጣት። አማካሪ ያማክራል እንጂ አይጽፍምና ፕሮግራሙ ለአፕዴት ተላለፈ።

በር ባለው ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የጮኸው ስልክ የአንድ ሽማግሌ ፋርማሲስት ነበር። ድሮ ፕሮግራሙ ሲተከልላቸው ሄዳ አሠራሩን ያሳየቻቸው ናቸው፤ ቁጥሯን ከመደርደሪያቸው ላይ በፕላስተር ለጥፈውት ኖረዋል።

“ልጄ፣ ማሽኑ ተቆጥቶኛል።”

“አባባ፣ ቆሞ ነው? አልከፍት አለ?”

“የለም፣ የለም፣ ደህና ነው። ግን ስሳሳት ዝም ብሎ ስህተት ነህ ይለኛል። ያችን ነገር ምን አደረጋችኋት? አይዞሽ የምትለዋን?”

“አባባ፣ እሷ እኮ ለሴት የምትባል ናት። ስለዚህ... ተስተካከለች።”

“እሱን ማን አጣው፣ ልጄ! ሰባ ዓመቴ ነው፣ ወንድ መሆኔን አውቃለሁ። እናቴ ትንሽ ሳለሁ ‘አንቺ’ ነበር የምትለኝ፤ የእናት ነገር። ከእሷ በኋላ ‘አንቺ’ ብሎኝ የሚያውቅ የእናንተ ማሽን ብቻ ነው። አንዳንዴ ሱቁ ጭር ሲል፣ እ... አውቄ እሳሳት ነበር።”

ነጠላ ሰረዝ ስልኩን ከጆሮዋ ትንሽ አራቀች።

“አለሽ?”

“አለሁ፣ አባባ። አስተያየትዎን ተቀብለናል” አለች። ከዚያ ከአፏ የወጣው የሥራ አስኪያጁ ድምፅ መሆኑን ሰማችና፣ “እሞክራለሁ” አለች።

አፕዴትን ከቀድሞ ጠረጴዛዋ ፊት፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

“አንድ መስመር ትመልስልኛለህ?”

“የቷን?”

“የምታውቃትን።”

አፕዴት ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። “እትዬ፣ ደንበኛ ጠየቀ?”

“አንድ።”

“ወደኋላ የሚመልስ ማሻሻያ እኮ አይፈቀድም። አንቀጽ ሦስት። ማን እንደጻፈው ላስታውስሽ?”

“አውቃታለሁ።”

“ሴትዮዋ ጨካኝ ናት” አለ፤ ሊያስቃት ነበር። አልሳቀችም። እሱም ቀና ብሎ አያት፣ ዓይኖቹም ሳያስበው ወደ ማተሚያ ማሽኑ ሄደው ተመለሱ። ከወንበሩ ተነሣ። “ነይ ቁጭ በይ። እኔ ሻይ ላመጣ ልሂድ። ስመለስ ምን እንደነበረ አላይም።”

ተቀመጠች። ቦታውን ሳትፈልግ አገኘችው። “ስህተት ተከስቷል” የሚለውን አጠፋችና “አይዞሽ፣ ከመጀመሪያው እንሞክር” ብላ ጻፈች። ነጠላ ሰረዟን እንኳ ሳትረሳ። ፊደሉ ያው ነው፣ አንዲት ነጥብ አልጎደለውም። ለሽማግሌው ይበቃቸዋል፤ ለደንበኞች ሁሉ ይበቃል።

ለራሷ አውቃ ተሳሳተች፣ ቁጥር በሚገባበት ቦታ ፊደል አስገብታ። ጽሑፉ ወጣ። ለረጅም ጊዜ አየችው። ይህችን የጻፈው ባሏ አይደለም፤ የጻፈችው ራሷ ናት።

አፕዴት ሻዩን ይዞ ሲመለስ የዕድገት ዋና አማካሪዋ ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘግታ ነበር። ፕሮግራሙ ሰው ሲሳሳት “አይዞሽ” ይላል። እሷን “አይዞሽ” ያላት ሰው ግን የለም።