ወደፊት አልሄድም ያለው የሣር ማጨጃ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሣር የሚታጨደው ለማን ነው? እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ለከብት ነው ባይ ነኝ። ቢቸና ብትሄዱም ሞጣ ብትሄዱም መልሱ ይኸው ነው። ሣር ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይከመራል፣ በበጋ በሬ ይበላዋል። አለዚያ ቤት ይከደንበታል። አለቀ። ሣር አጭዶ፣ አድቅቆ፣ እዚያው ላይ በትኖ፣ "አሁን አማረ!" ብሎ ቆሞ የሚያይ ሰው በአገሩ አልነበረም፤ አቶ ደምሴ ያንን ማሽን እስኪያገኙ ድረስ።

አቶ ደምሴ ማን ናቸው? በጃንሆይ ጊዜ ቢቸና ሳስተምር የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ነበሩ። እኔ ጢሜ በወጉ ያልበቀለ የሳይንስ መምህር ነኝ፤ ስሜ አህመድ። አቶ ደምሴ በልጅነታቸው መርጡለ ማርያም ቅኔ ተምረው፣ ኋላ አዲስ አበባ ወርደው አስኳላ የገቡ ሰው ናቸው። ስለዚህ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይናገራሉ። ሰምታችሁ ትስቃላችሁ፤ ቤታችሁ ገብታችሁ ስታስቡት ስድብ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ማሽኑን የሰጣቸው በዚያ በኩል መንገድ ሲቀይስ የከረመ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው። አገሩ ሲገባ ጓዙን ለወዳጆቹ አከፋፈለና ለእሳቸው ይኸ ደረሳቸው። ሞተር አለው፤ ከሥሩ ስለት አለው። ዋናው ጉድ ግን እሱ አይደለም። ሞተሩ የኋላ ጎማዎቹንም ያዞራቸዋል። እጀታው ላይ ያለውን ሽቦ ስባችሁ ካያያዛችሁት፣ ሽቦውን እስክትለቁት ድረስ ራሱ ይሄዳል ማለት ነው፤ እናንተ እጀታውን ይዛችሁ መከተል ብቻ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቶ ደምሴ ኮትና ክራባታቸውን እንዳደረጉ የትምህርት ቤቱን ግቢ ያጭዳሉ። አላፊ አግዳሚው አጥሩ ሥር ይቆማል። "በሬው የታለ?" ይላል አንዱ። "ከውስጥ ነው" ይላል ሌላው። አንድ ገበሬ ሣሩን ለላሞቼ ልውሰድ ብሎ አስፈቅዶ ገባ። አንድ እፍኝ ዘገነና አየው፤ መልሶ በተነው። "ይሄማ ታኝኮ ያለቀ ነው" አለ። አንድ የኔታም ብዙ ቆመው ካዩ በኋላ፣ "ይኸስ የተባረከ ነው፤ ያጭዳል እንጂ አይበላም። ስንቱ ሳያጭድ የሚበላ አለ አይደል!" አሉና ዓይናቸውን ወደ አውራጃው ግዛት ቢሮ ወርወር አድርገው ሄዱ።

አጥሩ ሥር ቆመው ካዩት አንዱ ሐጂ ሰይድ ነበሩ። ሐጂ የሞጣ ነጋዴ ናቸው፤ ለንግድ ቢቸና ይመላለሳሉ። በሰው አገር ላለሁት ለእኔ እንደ አባት ነበሩ። ኢድ በመጣ ቁጥር "ብቻህን አትውልም" ብለው ሞጣ ይወስዱኛል። እዚያ ቤት ደግሞ ልጃቸው ዘይነባ አለች።

ስለ ዘይነባ ምን ልበላችሁ? መልኳን ልተወው፤ ባወራ አታምኑኝም። ጠባይዋን ልንገራችሁ። የተዘጋ ነገር ካየች አታርፍም። ውስጡ ምን እንዳለ ካላየች እንቅልፍ የላትም። የልብስ ስፌት መኪናውን ፈትታ ገጥማዋለች። የማሾ መብራቱን ፈትታ ገጥማዋለች። የአባቷን ራዲዮ ፈትታ ገጥማ፣ ራዲዮው ድምፁ ጠራ፤ ብቻ ከዚያ ወዲህ የሚይዘው አንድ ጣቢያ ነው፤ እሱም በማን ቋንቋ እንደሚያወራ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

እኔና እሷ እንደምንፈላለግ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አያነሣውም። አቶ ደምሴም፣ "ወላጆችህ ሩቅ ናቸው፤ ሽማግሌ ሆኜ እኔ እሄድልሃለሁ" ብለው ቃል ሰጥተውኛል። እሳቸውና ሐጂ ይከባበራሉ። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ተኝቻለሁ።

እንግዲህ ሐጂ የበኩር ልጃቸውን፣ የዘይነባን ታላቅ፣ ሊድሩ ሆነ። ዳሱ የሚጣልበትን መስክ ክረምቱ በሣር ውጦታል። "ያንን ጉደኛ ማሽን ለጥቂት ቀን ቢያውሱኝ" ብለው ጠየቁ። አቶ ደምሴ ፊታቸው ጠቆረ። "አህመድ፣ እኔ በቅሎና ጠመንጃ አላውስም። ይኸ ደግሞ ሁለቱም ነው" አሉኝ። እኔ ምን አልኩ? "ዋስ እሆናለሁ ጋሼ!" አልኩ። ሰው ካፈቀረ ዋስ የማይሆንለት ነገር አለ? ማሽኑ በጭነት መኪና ሞጣ ወረደ።

ሰርጉ በደስታ አለፈ። ማሽኑም ተመለሰ። ብታዩት! በሰሌን ተጠቅልሎ፣ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ መሐንዲሱ ሲያስረክበው እንኳ እንዲህ አላበራም። ሰዎች ከመኪናው ላይ ተሸክመው አወረዱት። አቶ ደምሴ ዞር ዞር ብለው አዩት። "ጨዋ ማለት እንዲህ ነው" አሉ። ከዚያ እጀታውን ያዙና ወደፊት ገፉት።

አልሄደም።

ገፋ አደረጉት። የኋላ ጎማዎቹ ክርችም ብለው ተይዘው፣ እንደ ማረሻ መሬቱን እየሰነጠቁ ተጎተቱ። ሞተሩን አስነሡት፤ ያጓራል እንጂ ንቅንቅ የለም። አጠፉትና ወደ ኋላ ሳቡት። እንደ ውሃ ፈሰሰ! እንደገና ወደፊት፣ ክርችም። "ጋሼ፣ ሞጣ ለምዶ ይሆናል፤ ወደዚያ ልመለስ እያለ ነው" አለ አንድ መምህር። ማንም አልሳቀም።

አቶ ደምሴን ያቃጠላቸው መበላሸቱ አይደለም። መታጠቡ ነው። "ሰው የሰው ዕቃ ቢሰብር፣ ሰብሬአለሁ ማረኝ ይላል። ሰብሮ፣ አጥቦ፣ ወልውሎ፣ ጠቅልሎ መላክ ግን ምን ይባላል?" አሉኝ። ይህንኑ በሹፌር ላኩባቸው። ሹፌር ደግሞ ቃል ሲያደርስ ጨው ሳይጨምርበት አያደርስም። የሐጂ መልስ በዚያው መኪና መጣ፦ "ወላሂ ከደጄ ሲወጣ እየተንከባለለ ነው የወጣው፤ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ቀጣፊ ነህ ካሉኝማ ደጄን አይርገጡ።"

አቶ ደምሴም፣ "ደጃቸውን ባልረግጥ ምን ቀረብኝ?" አሉ።

እኔ ነኝ የቀረብኝ! ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። እዚህ ግን ዝሆኖቹ ሲጣሉ ሣሩ በለጸገ፤ የተጎዳሁት እኔ ነኝ።

ከልቤ ያልወጣው ነገር ግን ሌላ ነው። አቶ ደምሴ አይዋሹም። ሐጂም አይዋሹም። አንዱ አይሄድም ይላል፤ አንዱ ሲሄድ አይቻለሁ ይላል። ሁለት እውነተኞች በአንድ ጎማ እንዴት ይጣላሉ? ከሥራ ስወጣ ማሽኑ ሥር እንበረከካለሁ። ሽቦውን አላላሁት፤ አጠበቅሁት። ስለቱ ሥር የተጠቀጠቀ ሣር እንዳለ አየሁ፤ የለም። ዘይት ጨመርኩ። ምክርማ ሞልቷል። ፍሬን ይዞ ነው ያለኝ አለ፤ ፍሬን የለውም። ዓይን በልቶት ነው፣ ጠበል ይረጭ ያለኝ አለ። ጎማውን እንዳልፈታው፣ ዋስ ነኛ! የባሰ ብሰብረውስ?

በመጨረሻ አቶ ደምሴን ለመንኳቸው። "ጋሼ፣ ይዘነው እንሂድ። ሐጂ በእጃቸው ይግፉት። ካልሄደላቸው ያምናሉ፤ ከሄደላቸው እኛ እናምናለን።" "ለማሽኑ ስል ነው፤ ላንተ እንዳይመስልህ" አሉና ጋቢና ገቡ። እኔ ከኋላ ማሽኑን አቅፌ ተጫንኩ። በዚያ መንገድ ማሽን አቅፎ መሄድ ምን እንደሚመስል የጎድን አጥንቴን ጠይቁት።

ሐጂ ግን ሐጂ ናቸው። ተቀይመው እንኳ ለእንግዳቸው በክርስቲያን ጎረቤት አሳርደው፣ እዚያው ጎረቤት ቤት አሠርተው ምሳ አዘጋጅተዋል። አቶ ደምሴ፣ "ነገራችን ሳያልቅ አልቀምስም" ብለው ግቢው መሀል ቆሙ። ሐጂ ማሽኑን ወደፊት ገፉት። ክርችም። ደግመው ገፉት። ክርችም። ፊታቸው ዓመድ መሰለ። "ታዲያ እኔ ያየሁት ምንድን ነው?" አሉ፤ ለማንም አይደለም፣ ለራሳቸው።

በዚህ መሀል የቤቱ ድመት መጣች። ማሽኑን ዞረችው፤ አሸተተችው። ከዚያ አንደኛውን የኋላ ጎማ ትልስ ጀመር።

ድመት ብረት ስትልስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አቶ ደምሴ ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን ጎማው መሀል ሰደድ አድርገው አወጡና አሸተቱ።

"ሐጂ፣ ይኸ ቅቤ ነው።"

"ቅቤ?"

ሐጂም ነክተው አሸተቱ። "የእኛው ቤት ቅቤ ነው" አሉ ቀስ ብለው። ዓይናቸው ወደ በሩ መጋረጃ ሄደ። "ዘይነባ!"

ወጣች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

"እኔ ነኝ አባባ። ሰርጉ ሲያልቅ ጎማው ውስጥ ጭቃና ሣር ተሰግስጎ ነበር። የሰው ዕቃ ቆሽሾ አይመለስም ብዬ ፈታሁት፤ አጥቤ መልሼ ገጠምኩት። ግራሶ ስላልነበረ ቅቤ ቀባሁት።"

"እሺ፣ ከገጠምሽው በኋላ ሄደ?" አልኳት እኔ። በአባቷ ፊት ሳናግራት የመጀመሪያዬ ነው።

"እንዴ፣ ሄደ እንጂ! እስከ መኪናው ድረስ ስቤ አላደረስኩትም?"

"ስበሽ? ወደ ኋላ?"

"ታዲያስ፣ ሲሳብ ወደየት ይሄዳል?"

አቶ ደምሴና ሐጂ ተያዩ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር! ሐጂ ሲሄድ አይተዋል፤ ወደ ኋላ። ወደፊት የገፋው ሰው ቢቸና እስኪደርስ ድረስ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ሆነ። መፍቻ አመጣች፤ ሁለታችን ተቀምጠን ጎማዎቹን ፈታን። በእያንዳንዱ ጎማ ውስጥ አንዲት ትንሽ ማርሽ አለች። ወደ አንድ ወገን ስትዞር ትይዛለች፤ ወደ ሌላው ስትዞር ትለቃለች። ሁለቱን ብታዩዋቸው መንትያ ናቸው። አጠገብ ለአጠገብ ስታስቀምጧቸው ግን እንደ ጫማ ናቸው፤ ግራና ቀኝ አላቸው። የግራውን ለቀኝ፣ የቀኙን ለግራ አድርጋዋለች። መያዝ ሲገባቸው ይለቃሉ፤ መልቀቅ ሲገባቸው ይይዛሉ።

አቶ ደምሴ ይህን ሲያዩ የድሮ ቅኔያቸው ተነሣባቸው። "አያችሁ! እኛ ግራ ገባን እያልን ስንጣላ፣ ለካ ግራ የገባው ቀኙ ጎማ ኖሯል!" አሉና ራሳቸው ሳቁ። ሐጂም ሳቁ። እኛ ቅቤውን በነጭ ጋዝ አጠብን፤ በየቦታው መለስን። ዳዶውን ማጥበቅ ላይ እኔ ትንሽ ዘገየሁ። እንደዚያ ቀርቤያት ተቀምጬ አላውቅማ! ማን ይቸኩላል?

ሞተሩ ተነሣ። "እስቲ እኔ ልያዘው" አሉ ሐጂ። ያዙት። ሄደ! ሐጂ ተከተሉ። ጀለቢያቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው፣ በሌላው እጀታውን ይዘው፣ መስኩን አለፉ፤ የበርበሬውን መደብ ገቡበት። "እንዴት ነው የሚቆመው?" ይላሉ እየሮጡ። "ሽቦውን ይልቀቁት!" ይላሉ አቶ ደምሴ ከኋላ እየሮጡ። ሐጂ እጀታውን ለቀቁት፤ ሽቦውን ግን አይደለም፣ እጀታውን! ማሽኑ ብቻውን በርበሬውን እያጨደ ሄዶ አጥር ጋ ተሰካ። ሁለቱ ሽማግሎች እየሳቁ በርበሬው መሀል ቁጭ አሉ።

ምሳው ቀረበ። "እንግዲህ ነገራችን አለቀ፤ ይቀመጡ" አሉ ሐጂ። አቶ ደምሴ ግን ቆሙ። ኮታቸውን ቆለፉ።

"አልቀመጥም። ሌላ ጉዳይ አለኝ። ልጅዎን ለልጄ ይስጡልኝ።"

የበሩ መጋረጃ ተነቃነቀ።

ሐጂ ጢማቸውን አሻሹ። "የፈታችውን ማሽን አይተዋል። ነገ ትዳሯንም ትፈታለች ብለው አይፈሩም?"

"የፈታችውን መልሳ ስትገጥምም አይቻለሁ" አሉ አቶ ደምሴ።

በዚህ አለቀ። ኒካሁ ታሰረ፤ ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ሐጂን፣ "አባባ፣ ያን ቀን እንዴት ቶሎ እሺ አሉ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እኔማ እምቢ ልል ቆርጬ ነበር" አሉኝ። "መምህር የመንግሥት ሰው ነው፤ ዛሬ ቢቸና፣ ነገ ሐረር። ልጄን የት ብዬ እፈልጋታለሁ? ሽማግሌ ሲመጣ የምመልሰውን ቃል ሁሉ አሰናድቼ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ያን ቀን በደሉ ከእኔ ቤት ወጣ። የበደለ ሰው በምን አፉ እምቢ ይላል?"

አባቶች ከነገሩ ጾም እደሩ ይላሉ። ደግ ብለዋል። ዘይነባ ጾም አድራ ቢሆን ኖሮ ግን እኔ ይኸን ጊዜ ሐረር ነኝ፤ ብቻዬን።