ባቡር ያመለጣቸው እንደራሴ

እኛ ከሕግ ጋር ያለን ፍቅር ግራ የገባው ፍቅር ነው። ስንጣላ «በሕግ አምላክ!» እንላለን፤ ጠቡ ሲበርድ ደግሞ «ምን ሕግ አስኬደን፣ በሽማግሌ ይለቅ» እንላለን። በጥንት ጊዜ አንድ ሰው መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ» ከተባለ ጦር እንኳ ይዞ ቢሆን ባለበት ቀጥ ይል ነበር ይባላል። እኔ አልደረስኩበትም። እኔ በደረስኩበት ዘመን ሰው ቀጥ የሚለው ሕግ ሲጠራ ሳይሆን ሹም ሲያልፍ ነበር።

ይህን ስል አባቶቻችን ፍትሕ አያውቁም ነበር ማለቴ አይደለም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉት እነሱው ናቸው። እስቲ አስቡት፤ በቅሎውን ዳኛ ቢወስድበት እሺ ብሎ ያድራል፤ እፍኝ የማትሞላ ጭብጦ ግን ያለ ፍርድ ብትነጠቀው ስታንገበግበው ትኖራለች። እንዲህ ያለ ሕዝብ ስለ መብት ምን ይማራል? ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ፣ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያሉትም እነዚያው አባቶች መሆናቸው ነው። ሁለቱም ከአንድ አፍ ነው የወጡት። እናንተ አስታርቋቸው፤ እኔ ሞክሬ ደክሞኛል።

ማስታረቅ እንኳ ባልችል ማስተርጎም እችላለሁ። እንጀራዬ እሱ ነበር። ድሬ ዳዋ ያደገ ሰው አንዱን ነገር በአማርኛ ጀምሮ፣ በሶማልኛ አዋዝቶ፣ በኦሮምኛ ሊጨርሰው ይችላል፤ እኔ ይህንኑ የሰፈር ወሬ ሥራ አደረግሁት። ፍርድ ቤት፣ ገበያ፣ ሠርግ፣ ጠብ ያለበት ሁሉ እጠራለሁ። መጋላ በሚባለው የገበያ ሰፈር ስሜን የሚያውቅ የለም፤ ቱርጁማን ነው የሚሉኝ፣ አስተርጓሚው ማለታቸው ነው።

ታዲያ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ታውጆ፣ ሕዝቡ እንደራሴውን ራሱ ይምረጥ በተባለበት ጊዜ፣ ከእጩዎቹ አንዱ አቶ ደምሴ ጠሩኝ። አቶ ደምሴ በወጣትነታቸው የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ከዚራ በሚባለው የባቡር ሠራተኞች ሰፈር በረንዳ ያለው ቤት ነበራቸው፤ ፈረንሳይኛ ያውቃሉ፤ ባርኔጣቸውን ሳያደርጉ ከቤት አይወጡም። ንግግር የሚወዱ፣ የተናገሩትን ደግሞ ከልባቸው የሚያምኑ ሰው ነበሩ። ይህ ሁለተኛው በእጩ ላይ እምብዛም አይታይም።

ፀሐይዋ ስትበርድ ከተማዋን ለሁለት በሚከፍለው በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሕዝቡን ሰበሰቡ። ከወዲህ የከዚራ፣ ከማዶ የመጋላ ሰው መጣ። አቶ ደምሴ ጠረጴዛ ላይ ወጥተው የሰው ቤት ያለ ሕግ አይበረበርም፣ የተያዘ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ዳኛ ፊት ይቀርባል፣ ይህ የእያንዳንዳችሁ መብት ነው አሉ። እኔ መብትን በሶማልኛ «ሐቅ» አልኩት፤ ሐቅን ሁሉም ያውቃል፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። በኦሮምኛ «ሚርጋ» አልኩት፤ ሚርጋ ደግሞ ቀኝም ማለት ነው። ከጀልዴሳ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «እስከ ዛሬ በግራችን ነበር እንዴ የያዝነው?» ብለው ሰዉን አሳቁት። እንደሚመስለኝ ግን መቀለዳቸው አልነበረም።

ከሕዝቡ መሐል አንድ ረጅም ሰው ተነሣ። ሮብሌ ይባላል፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ባለቤቱ ኸዲጃ መጋላ ገበያ የግመል ወተት ትሸጣለች።

«ደምሴ፣ ወረቀት ሳይዙ ቢመጡስ?» አለ።

«በርህ ላይ ቁም!» አሉ አቶ ደምሴ። «የዳኛውን ወረቀት አሳዩኝ በል። ሕጉ ከጎንህ ይቆማል። እኔም እቆማለሁ! የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!»

ይህችን የመጨረሻዋን ወደ ሶማልኛ ስመልሳት ከፊት የተቀመጡት እናቶች ደነገጡ። አንዷማ «ልጁ ምን አጠፋ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያም ሆኖ ጭብጨባው ደቻቱን ሞላው። አቶ ደምሴ ተመረጡ።

ፖሊሶቹ ሮብሌ ቤት የመጡት ከምርጫው በኋላ አንድ ማለዳ ነው። የኮንትሮባንድ ጨርቅ ሸሽጓል የሚል ጥቆማ ደርሷቸዋል። በድሬ ዳዋ መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ ይጠቆምበታል፤ ይህ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ሮብሌ በሽርጡ ወጥቶ ሁለት እጁን መቃኑ ላይ ዘርግቶ መቆሙ ነበር።

«ወረቀት» አለ።

«የምን ወረቀት?»

«የዳኛ።»

ገፍትረውት ገቡ። የማሽላውን ጆንያ ደፉት፤ ፍራሹን ቀደዱት፤ የወተቱን ዕቃ ሳይቀር ገለበጡት። ጨርቅ አልተገኘም። ባዶ እጅ መመለስ ደግሞ ያሳፍራል፤ ስለዚህ ሮብሌን ይዘው ሄዱ።

ሁለት ቀን አለፈ። ሳምንትም አለፈ። ኸዲጃ በየቀኑ ምግብ ታደርሳለች፤ ዘበኛው ይቀበላታል፤ ዕቃው ባዶውን ይመለስላታል። ማን እንደበላው ግን አይነገራትም። በመጨረሻ እኔ ዘንድ መጣችና፣ «ተነሥ ቱርጁማን፣ ያንን ባለ ባርኔጣ አሳየኝ» አለችኝ።

አቶ ደምሴ ቤት ስንደርስ ሻንጣው በረንዳው ላይ ወጥቷል። ምክር ቤቱ ሊከፈት ነውና የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ በባቡር ወደ አዲስ አበባ ሊነሡ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ የመንገድ ስንቅ ይቋጥራሉ። እዚህ ላይ ለማያውቅ ልንገር፤ የድሬ ዳዋ አማርኛ «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቅም። ለሕፃኑም «አንተ» ነው፣ ለገዥውም «አንተ» ነው። ኸዲጃም የእኔን ማስተርጎም አልጠበቀችም።

«ደምሴ፣ በርህ ላይ ቁም አልከው፤ ቆመ። አንተስ የት ነው የቆምከው?»

አቶ ደምሴ መታሰሩን አልሰሙም ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «ይህማ ዝም የሚባል አይደለም፤» አሉ፣ «አዲስ አበባ እንደገባሁ ምክር ቤት አነሣዋለሁ። ስሙን ጠርቼ እከራከራለሁ።»

«ሮብሌ አዲስ አበባ አልታሰረም አቦ፤» አለች ኸዲጃ። «እዚህ ነው የታሰረው።»

ወይዘሮ አስካለ መቋጠሩን ተዉት። አቶ ደምሴ ሻንጣውን አዩት፤ ኸዲጃን አዩ፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን አነሡ።

የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ሻምበል በክብር ተነሥተው ተቀበሉን። ወንበር ሳቡ፤ ሻይ አዘዙ። አቶ ደምሴ ሻዩን ሳይነኩ፣ ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በሁለት ቀን ዳኛ ፊት ይቀርባል እንደሚል አስረዱ።

«ሰምቻለሁ ክቡር እንደራሴ፤ ደስም ብሎኛል፤» አሉ ሻምበሉ። «ግን እንዴት እንደሚፈጸም ከበላይ መመሪያ አልደረሰኝም።»

«ሕጉ እኮ ወጥቷል!»

«ወጥቷል ክቡር። እኛ ዘንድ ግን ገና አልገባም።»

ሻምበሉ ክፉ ሰው አልነበሩም። እውነቴን ነው። ሰውየውን ቢለቁ ለምን ለቀቅህ እንደሚባሉ ያውቃሉ፤ ባይለቁ ግን ለምን ያዝህ ያላቸው ሰው በሕይወታቸው አልገጠማቸውም። እናንተስ ብትሆኑ በየትኛው በኩል ትሳሳቱ ነበር?

ኸዲጃ ክንዴን ያዘችኝና በሶማልኛ፣ «ባሌ ምን እንዳደረገ ጠይቅልኝ» አለች። የአስተርጓሚ ሥራ ግማሹ ማለዘብ ነው፤ የዚያን ቀን ግን የሚለዝብ ነገር አልነበረም። እንዳለችው ጠየቅሁ።

«እምቢ ብሏል» አሉ ሻምበሉ።

«ምን አድርግ ቢሉት?» አልኩ የኸዲጃን ቃል መልሼ።

ሻምበሉ መልሱን ጀመሩትና ራሳቸውን ሲሰሙ ጊዜ ድምፃቸው ወረደ። «ወረቀት… ወረቀት ጠየቀ።»

አቶ ደምሴ ተነሡ። ወጥተው በጣቢያው ደጅ ካለው የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀመጡና፣ ሰውየው ዳኛ ፊት እስኪቀርብ ከዚህ አልነሣም አሉ። ሙቀቱን አልነግራችሁም፤ ድሬ ዳዋን የሚያውቅ ያውቀዋል። ባቡሩ አፏጨ። አንገታቸውን እንኳ አላዞሩም። ወይዘሮ አስካለ ሻንጣውን ወደ ጓዳ አስመለሱ፤ እዚያው በረንዳው ላይ ትንሽ እንዳለቀሱ በኋላ ሰማሁ። ለባላቸው ይሁን ለባቡሩ አላወቅሁም።

ወሬው ደቻቱን ተሻገረ። የመጋላ ሰው አንድ ሁለት እያለ መጣና ከመንገዱ ማዶ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። አይጮኽም፣ አይዘፍንም፤ ይቀመጣል ብቻ። ሻምበሉ ብቅ ብለው አዩና ተጨነቁ።

«ይህ ስብሰባ ነው፤ ፈቃድ ያስፈልገዋል» አሉ።

«ጥላ ነው፤» አሉ አቶ ደምሴ። «ፀሐይ ስትበረታ ሰው ጥላ ሥር ይቀመጣል።»

ሲመሽ እኛ ወደየቤታችን ገባን፤ እሳቸው እዚያው ቀሩ። በማግስቱ ማለዳ ባርኔጣው አግዳሚው ላይ ነበር፤ ባለቤቱም ከሥሩ። ሰዉ ደግሞ ጨምሯል። እኩለ ቀን ላይ ሻምበሉ ወጡና፣ ወደ መሬት እያዩ፣ ሰውየው አሁን ፍርድ ቤት ይሄዳል አሉ። ዳኛው ጥቂት ቃል የሚበቃቸው አዛውንት ነበሩ። ክሱን ጠየቁ፤ ተነገራቸው። «ወረቀት መጠየቅ እምቢታ አይደለም። ይሂድ» አሉ። ያ ሁሉ ነገር ያለቀው በዚህች ቃል ነው።

ሮብሌ ሲወጣ ከስቶ ነበር። ስናወራው አንገቱን እያዞረ በቀኝ ጆሮው ያዳምጠናል። በግራው አይሰማም። «ወድቄ ነው» አለን። እንዴት ሆንክ ብሎ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። የመኪናው ባለቤትም፣ ነገር የሚወድ ሾፌር አልፈልግም ብሎ ቁልፉን ለሌላ ሰጥቶ ቆየው። ሮብሌ ከኸዲጃ ጋር ወተት መሸጥ ጀመረ።

አቶ ደምሴ ዘግይተው አዲስ አበባ ገቡ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። ሰውን ዳኛ ሳያይ ከሁለት ቀን በላይ ያሰረ ሹም ራሱ በሕግ ይጠየቅ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ክርክሩን ሲመለሱ አጫውተውኛል። አንድ የተከበሩ ሰው ተነሥተው፣ ነፃነት የግርማዊነታቸው ስጦታ ነው፣ ስጦታ ላይ ቅጣት ይለጠፋል ወይ? አሉ። ሌላው ደግሞ፣ ዛሬ ፖሊስ ይጠየቅ ካልን ነገ ማን ሊጠየቅ ነው? አሉ። በዚያ አዳራሽ ከተነገረው ሁሉ እውነተኛው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፤ ለዚህም ይሆናል ማንም ያልመለሰው።

አቶ ደምሴ ለመጀመሪያው ሰው እንዲህ መለሱ፦ «ስጦታ ይሁን፤ እሺ። እንግዲያው ስጦታው መንገድ ላይ ቀርቷል። ከተላከለት ሰው እጅ አልገባም። እኔ ሰጪውን አልጠየቅሁም፤ መልእክተኛውን እንጠይቅ ነው የምለው።»

አንዳንዱ አጨበጨበ፤ አንዳንዱ አጠገቡ ያለው ማጨብጨቡን አየ። ከዚያ ነገሩ ለኮሚቴ ተመራ።

ለእረፍት የመጡ ጊዜ በቀጥታ ሮብሌ ቤት ሄድን። «አልሆነም» አሉት።

ሮብሌ ቀኝ ጆሮውን አስጠጋ። «አሸነፉህ?»

«አላሸነፉኝም። ለኮሚቴ ሰጡኝ።»

ኮሚቴ ምንድን ነው ብሎ ወደ እኔ ዞረ። የሶማልኛ ቃል አጣሁለት። «ነገር የሚተኛበት ቤት ነው» አልኩት። ገባው።

አቶ ደምሴ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩ። «በርህ ላይ ቁም ያልኩህ እኔ ነኝ፤» አሉ። «ጆሮህም፣ ሥራህም…»

«በሬ እኮ ነው፤» አለ ሮብሌ። «ሌላ የት ልቁም?»

በሚቀጥለው ምርጫ አቶ ደምሴ ወደቁ። የከዚራ ሰው፣ ስንት የውሃና የመንገድ ጉዳይ እያለ በአንድ ሾፌር ዘመናቸውን ጨረሱት ብሎ አማቸው፤ ከበላይም የተወራ ነገር እንደነበር ይነገራል። የተመረጡት አዲሱ ሰው ጠረጴዛ ላይ አልወጡም፤ ምንም ቃል አልገቡም። ቃላቸውንም እስከ መጨረሻው ጠበቁ።

አቶ ደምሴ ግን ሥራ አልፈቱም። መጋላ ውስጥ ሰው ተይዞ ሁለቱ ቀን ካለፈ፣ ቤተሰቡ የሚሄደው ወደ አዲሱ እንደራሴ ሳይሆን ወደዚያ በረንዳ ነበር። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ያነሣሉ፤ ሄደው ይቀመጣሉ። አንዳንዱን ይፈቱላቸዋል፤ አንዳንዱን አይፈቱላቸውም። ሻምበሉ ተዛውረው ሌላ መጥተዋል፤ ከእሳቸውም በኋላ ሌላ።

አንድ ቀን በቀትር፣ ድሬ ዳዋ መስኮቷን ዘግታ በምትተኛበት ሰዓት፣ በፖሊስ ጣቢያው በኩል ሳልፍ አግዳሚው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ ላባቸው ይወርዳል።

«ዛሬ ደግሞ ለማን ነው?» አልኳቸው።

«አላውቀውም፤» አሉ። «እናቱ መጥታ ነው።»

«ይለቁታል ብለህ ነው?»

ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።