የዘሀራ ሸበጥ

ሥራ የሌለው እግር ለምን ይበቅላል? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ዞሬያለሁ። እዚህ ሐይቅ ከተማ ከዐረብ አገር የመጣ ዕቃ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ካውያው፣ ውሃ ማፍሊያው፣ ጁስ መፍጫው ሁሉ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ስፒና ይዞ ይመጣል። የኛ ግድግዳ ደግሞ የሚያውቀው ሁለት ክብ ቀዳዳ ብቻ ነው። እንግዳው ዕቃ መቀመጫ እንዳጣ ለቅሶ ደራሽ ሲቆም፣ አንዱ ጎረቤት ቢላዋ ይዞ ይመጣና ስፒናውን ቆርጦ ባለ ሁለት እግር ይገጥምለታል። ዕቃውም ይሠራል። ታዲያ ሦስተኛው እግር ምን ሲያደርግ ነበር? ብጠይቅ «ለጌጥ ነው» አሉኝ። ዓይን አፋር ነኝና ደግሜ አልጠየቅኩም። እናንተም ብትሆኑ ዕቃው እየሠራ ማንን ትጠይቃላችሁ?

መልሱን ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኤሌክትሪክ ምህንድስና ስማር ነው። አንድ ፈተና ላይ፣ ለሌላ አገር የሚሸጥ የብረት ገላ ያለው ዕቃ ስትነድፉ ስለዚያ አገር ግድግዳ ምን ታስባላችሁ የሚል ጥያቄ መጣ። እኔም ዘረዘርኩት። ቮልቴጁን፣ የቀዳዳውን ቅርጽ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤቱ ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ ያለው መሆኑን። ሦስተኛው እግር ዕድሜውን ሙሉ ሥራ ፈት ነው፤ ሥራ የሚያገኘው ኤሌክትሪኩ መንገድ ስቶ የዕቃው ገላ ላይ የወጣ ቀን ነው። ያን ቀን ተቀብሎ ወደ መሬት ይሸኘዋል። እሱ ከሌለ የሚሸኘው ዕቃውን የነካው ሰው ነው። እንዲህ ብዬ ጽፌ ሙሉ ማርክ አገኘሁ። ወረቀቱ እስካሁን አለኝ። ባይኖረኝ ይሻለኝ ነበር።

ተመርቄ ቤት በገባሁበት ዓመት ጎረቤታችን ዘሀራ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ከሠራችበት ከኩዌት ተመለሰች። የልብስ ማጠቢያ ማሽንም አስመጣች። እስከዚያ ድረስ የሠፈራችን ሴቶች ብርድ ልብስና ጋቢ ተሸክመው የሚወርዱት ሐይቁ ዳር ነበርና የማሽኑ መምጣት ከዘሀራ መምጣት ያላነሰ ደስታ ሆነ። በረንዳው ላይ፣ ቧንቧው አጠገብ ተተከለ። ስፒናው ባለ ሦስት እግር ነው። እናቴ ቀበል አድርጋ «የኔ ልጅ አለች አይደል እንዴ» አለች።

የሠፈሩ ሴቶች ልብሳቸውን ይዘው ከበቡኝ። ሰው ፊት ፒንሳ ይዤ አላውቅም። ቆረጥኩት። ሁለቱን ሽቦዎች ባለ ሁለት እግር ስፒና ውስጥ ቦታ ቦታቸው አስያዝኩ፤ ሦስተኛው፣ ቢጫና አረንጓዴው፣ እጄ ላይ ቀረ። ቤቱ ሲሠራ የመሬት ሽቦ አልተዘረጋለትም። «ይኼ ሳይስተካከል ማሽኑ አይከፈትም» ማለት ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ግን እናቴ ታየኛለች። አምስት ዓመት ምን ስትማር ነበር ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ሽቦውን ወደ ኋላ አጠፍኩና በናስትሮ ጠቀለልኩት። ማሽኑ ዞረ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴ ያን ቀን ቁመቷ የጨመረ መሰለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ መንዘር ጀመረ። የነካው ሁሉ ጣቱን ያራግፋል። አንዷ ሰላምታው ነው አለች፤ ሌላዋ ባሕር ሲሻገር ጂኒ ተሳፍሮበት ነው አለች። አንድ ቀን ጠዋት ታዲያ ማሽኑ ሥር ቢጫ የፕላስቲክ ሸበጥ ተቀምጦ ተገኘ። እሱን ያደረገ አይነዘርም። ማን እንዳስቀመጠው የጠየቀ የለም። ወዲያው ሥርዓት ሆነ፤ ለግሸን ጉዞ ነጠላዋን የምታጥበውም፣ ለኢድ የምትሰናዳውም ጫማዋን በረንዳው ጫፍ አውልቃ ሸበጡን ታደርጋለች። እኔም አደርጋለሁ። ሸበጡን አድርጌ፣ ልብሴን እየጨመርኩ፣ ስለ ጂኒው ሲወራ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ሙሉ ማርክ ያገኘሁት እኔ።

አንድ ዓርብ ቀትር ላይ የኛ ብርድ ልብስ እየታጠበ ነው። የዘሀራ እናት እማማ ሐዋ ቧንቧው ሥር ለሶላት ውዱ እያደረጉ ነበር። እግራቸውን ታጥበው ጨረሱና ጉልበታቸው አልታዘዝ ቢላቸው የሚደገፉት ነገር ፍለጋ እጃቸውን ዘረጉ። ቅርባቸው ያለው ማሽኑ ነው። ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ ሲሚንቶው ውሃ ተኝቶበታል። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ስፒናውን ከነሽቦው ከግድግዳው መነጨቅኩት። እጃቸው ማሽኑ ላይ አረፈ። ምንም አልሆኑም።

«ልጄ፣ ገና አልጨረሰም እኮ» አሉኝ።

ዘሀራ ከቤት ወጣች። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገርኩ። «ዘሀራ፣ የሚነዝራችሁ ጂኒ አይደለም። እኔ ነኝ። ሦስተኛውን ሽቦ ሳላስረው ነው የሸፈንኩት።»

እኔን አላየችኝም፤ ሸበጡን ነው ያየችው። «አውቃለሁ» አለች። «ኩዌት ማዳሜ መጀመሪያ ያስጠነቀቀችኝ ይኼን ነው፤ ሦስተኛውን እግር እንዳልነካ። ስትቆርጪው አይቻለሁ። እናትሽ ቆመው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ፣ ተምራ የመጣችን ልጅ አላወቅሽም ልበላት? አፈርኩ። ሸበጡን ማን ያመጣው መሰለሽ?» ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጨመረች፤ «እናቴ ውዱ ስታደርግ ሸበጥ እንደማታደርግ ግን ወላሂ አላሰብኩትም።»

እንግዲህ እዩን። ሁለት የሚያውቁ ሰዎች፣ አንዳችን ሌላችንን ላለማሳፈር ተጠንቅቀን፣ እማማ ሐዋን ለወራት የመሬት ሽቦ አድርገናቸው ኖረናል።

በማግስቱ ደሴ ሄጄ የመዳብ ዘንግና ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ራሱን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ገዛሁ። ዘንጉን ከዘሀራ ጋር ቆፍረን ቧንቧው ሥር ቀበርነውና ያን የደበቅኩትን ሽቦ አሰርንበት፤ ያ የፈራሁት እርጥበት ለዚህ ሥራ ተመራጭ ነው። እናቴ ምን እንደምንቀብር ጠየቀችኝና ሳልቀንስ ነገርኳት። «ያን ቀን ያፈርሽው እኔን ነው?» አለችኝ።

ማሽኑ አሁን አይነዝርም። ሸበጡ ግን ከቦታው አልተነሳም። ለምን ብዬ ብጠይቃት ዘሀራ ሳቅ አለች፤ «ሥራሽን አምናለሁ። ሸበጡ ግን ይቆይ።» አልተቀየምኳትም። እኔም አደርገዋለሁ።

አሁን አንድ የሶኬት ማከፋፈያ ነድፌያለሁ። ስፒና እንዳይቆረጥ ቀዳዳዎቹ ሦስት ጠፍጣፋ ናቸው። የመሬት ሽቦው በናስትሮ የሚደበቅ ሳይሆን ረጅም ሆኖ በግልጽ የሚታይ ነው፤ እሱ መሬት ካልያዘ ማከፋፈያው ላይ ያለችው ትንሿ መብራት አትበራም። ያን የቆረጥኩትን ባለ ሦስት እግር ስፒና ደግሞ በራችን ላይ በምስማር ሰቅየዋለሁ። ከዐረብ አገር የመጣ ካውያ ይዞ ለሚመጣ ሰው ሁሉ፣ ሌላ ነገር ከማውራቴ በፊት እሱን አሳይቼ «ይኼን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ልገድል ነበር» ልለው ወስኛለሁ። እላለሁም። በየጊዜው ፊቴ ይቀላል። ከዚያ በኋላ ፒንሳዬን አነሳለሁ።