አፖንዲ ለጨው የዘመተችው ዘመቻ

በዘመነ ብስክሌት፣ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ዝናም፣ የኪሱሙ ከተማ በሐይቋ ዳር ጭቃዋን ተጎናጽፋ ሳለች፣ ዓሣ በተጠቀለለበት ጋዜጣ ፊደል የቆጠረች፣ መምህር ያልደከመባት፣ ምላሷ ከቢላዋ የሰላ አፖንዲ ወለተ ኦዱንጋ ለጨው ዘመተች።

የዘመቻውም ምክንያት ታላቅ ወንድሟ ኦቾላ ነበር፤ እርሱ ስለ ቤቱ አንድያ ብስክሌት፣ «ሴት ብስክሌት ምን ያደርግላታል? ወንድ ሲወጣ ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ሄዶ ይመጣል። እናንተ እኮ በየበሩ ስትገተሩ ይመሽባችኋል!» ብሎ ቢያውጅ፣ እርሷም በእናታቸው ፊት ቆማ፣ «ስማ አንተ! ገበያ ወርጄ ጨው ብቻ ይዤ ቀጥ ብዬ እመጣለሁ። ሌላ ነገር ከጫንኩ ብስክሌቷን ውሰዳት፤ ካልጫንኩ የኔ ናት!» ብላ አዋጁን በአዋጅ መለሰች።

ወእምዝ በግርማ ወጥታ ከደጅ ሳትርቅ፣ አሉኦች የሚባሉት የአባቷ እኅት መንገድ ዘግተው፣ «አፖንዲዬ፣ መንገድሽ ላይ ነው፤ ይቺን በቆሎ አስፈጭተሽልኝ ነይ!» ብለው አወጁ፤ የአባት እኅት ቃል በሉዎ ሕዝብ ዘንድ አይታጠፍምና ጫነች። ጎረቤትም ልጇን አዝላ፣ «ባለብስክሌቷ! የሳል ሽሮፕ፣ በሞቴ!» ብላ አወጀች፤ ሕፃኑም በሳሉ አጸደቀው። በመታጠፊያው ላይ ግን ራሱ ኦቾላ ቆሞ፣ «እግረ መንገድሽን ሱሪዬን ከልብስ ሰፊው አምጪልኝ፤ ይኼ እንኳ ጉዳይ አይባልም፣ ሱሪ ነው!» ብሎ አወጀ።

በተመለሰችም ጊዜ ከፊቷ ዱቄት፣ ከኋላዋ ሱሪ፣ በጉያዋ ሽሮፕ፣ በመሪው ላይም የማን እንደሆነች ዛሬም ያልታወቀች እግሯ የታሰረ ዶሮ አጅበዋት፣ ለየባለቤቱ የየድርሻውን እያደለች እንደ ድል አድራጊ ገባች። እናቲቱ ግን የዓሣውን ድስት ከፍተው፣ «ጨውሳ?» ብለው አወጁ። ያን ጊዜ ያች ቢላዋ ምላስ ወደ ሰገባዋ ተመለሰች፤ አፖንዲ ጨው ረስታ ነበርና።

ብስክሌቷም በውሉ መሠረት ለኦቾላ ሆነች። እርሱም አዲሱን ሱሪ ለብሶ ለጨው ሲወጣ፣ አሉኦች፣ «ዞር በሉ፣ ሰውየው ለጉዳዩ ይሂድበት!» ብለው መንገድ አስጠረጉለት። ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ጨው ብቻ ይዞ ቀጥ ብሎ መጣ፤ አፖንዲ ሁሉን አምጥታው ነበርና በሰፈሩ የቀረ ጉዳይ አልነበረም።

እንግዲህ የጨው ድል ለኦቾላ ይጻፍ። ለአፖንዲ ግን፣ ለዱቄት አስገቢዋ፣ ለሳል አባራሪዋ፣ ለሱሪ አልባሿ፣ ለጨው ረሺዋ፣ ምስጋና ከሐይቁ እስከ ወፍጮ ቤቱ ይድረሳት፤ ዘመቻዋም ከእንግዲህ በእግር ነው።