የጋሽ ሃይለሚካኤል ሦስት ቀን

ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ የሰው ቅዳሜ የሚበላ አንድ ሰው አይጠፋም። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ስልኩን ብሎክ አድርገን እንገላገል ነበር። ችግሩ ደግ መሆኑ ነው። መኪናችሁ መንገድ ላይ ስትቆም ደርሶላችኋል፣ ሶፋችሁን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞላችኋል፤ ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይደውልና «አምስት ደቂቃ ብቻ» ይላችኋል። ያቺ አምስት ደቂቃ ፀሐይ እስክትጠልቅ አታልቅም።

የእኛው ክቡር ጋሽ ሃይለሚካኤል ይባላሉ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሙሉ ማዕረጋቸው ሲጠራ፦ የኦክላንድ ከተማ አውቶቡስ ጡረተኛ መካኒክ፣ የእድራችን የሃያ ሰባት ዓመት አባል፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው፣ የአንዲት ባቡር ሞግዚት። በወጣትነታቸው አስመራ የባቡር ጋራዥ ውስጥ ሠርተዋል። ያኔ የያዛቸው ነገር እስካሁን አልለቀቃቸውም።

ባቡሯ ቁጥር ዐሥራ ሁለት ትባላለች። ሳን ሆዜ፣ ከተዘጋ የፍራፍሬ ማሸጊያ ፋብሪካ ጀርባ፣ አንድ የቆርቆሮ ሼድ ውስጥ ትኖራለች። ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አላት። በእንፋሎት የምትሄድ ናት፤ ማለቴ፣ ትሄድ የነበረች። ጋሽ ሃይለሚካኤልና ሦስት ፈረንጅ ሽማግሌዎች ማኅበር አቋቁመው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲጠግኗት ኖረዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንዲት ስንዝር ንቅንቅ አላለችም።

እኔ ገረመው የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ኦክላንድ ፍሩትቬል ሰፈር እየኖርኩ ሬድውድ ሲቲ እሠራለሁ። በሳምንት አምስት ቀን የባሕር ወሽመጡን ድልድይ ተሻግሬ ቢሮ ተቀምጬ የሰው ፎርም ሳገላብጥ እውልና፣ ድልድዩን መልሼ ተሻግሬ እገባለሁ። ከዚህ ዓለም የምፈልገው ቅዳሜ ጠዋት መተኛት ብቻ ነበር። ጋሽ ሃይለሚካኤል ግን አንድ ጊዜ ፍሪጄን በነፃ ሠርተውልኛል። ከዚያ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን «ይህቺን ያዝልኝ» ብለው አንድ ቱቦ አስያዙኝ። ያዝኩ። እሳቸው ብሎን ፍለጋ ሄዱ። ብሎኑን ሲፈልጉ የጠፋ መፍቻ አገኙ፤ መፍቻው ሌላ ሥራ አስታወሳቸው፤ ያንን ሥራ ጀመሩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ እጄ በድን ሆኖ ስጣራ ከባቡሯ ማዶ ብቅ አሉና «አሁንም ይዘኸዋል? ጎበዝ!» አሉኝ። ቱቦው መሬት ላይ ቢቀመጥ ምንም እንደማይሆን የነገሩኝ በሦስተኛው ቅዳሜ ነው።

ከብረት ጋር ያላቸው ነገር የጤና አይደለም። ኦክላንድ አፕታውን አንድ ሰርግ ተጠርተን ሙሽሮቹ ሲገቡ ሁላችን ቆመን ስናጨበጭብ፣ እሳቸው የደረጃውን መደገፊያ በጥፍራቸው እየፋቁ «ይኼ እኮ ከሥሩ ዝጓል» ይሉኝ ነበር። ሙሽራዋ ምን እንደለበሰች ቢጠየቁ አያውቁም። የደረጃው ዳዶ ስንት እንደሆነ ግን ዛሬም ይነግሯችኋል።

ደግሞ አውስትራሊያ አለችላቸው። ሌላው ሰው ነገር ሲበላሽበት አገር ቤትን ያነሳል፤ እሳቸው የሚያነሱት ረግጠዋት የማያውቋትን አውስትራሊያን ነው። ካሣ የሚባል የድሮ ወዳጃቸው እዚያ ይኖራል። በየሳምንቱ መጨረሻ አሮጌ ባቡሮችን ከሚንከባከቡ በጎ ፈቃደኞች ጋር ይሠራና ቪዲዮ ይልክላቸዋል። ጋሽ ሃይለሚካኤል ቪዲዮውን ለእኔ ያሳዩኛል፤ ጭስ ነው፣ ከጭሱ ውስጥ የካሣ ሳል ይሰማል። «አየህ? አውስትራሊያ ቢሆን ኖሮ ይህቺ ባቡር ዛሬ ሕፃናት ጭና ትሮጥ ነበር! እዚያ ሰው ጡረታ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ባቡር ነው የሚሄደው!» መንገድ ሲዘጋጋ አውስትራሊያ፣ ዝናብ ሲጠፋ አውስትራሊያ። አንድ ቀን ጥርሴን ሲያመኝ እንኳ ካሣን ልጠይቅልህ ብለውኛል።

ባለፈው መስከረም ሼዱ ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ካልለቀቃችሁ ብረት ቆራጭ አምጥቼ አስቆርጣታለሁ የሚል ደብዳቤ ላከ። ወደ ተራራው አካባቢ አሮጌ ባቡሮችን የሚያሰባስብ አንድ ማኅበር ነበረና እሱ ተለመነ። መልሱ አጭር ነበር፦ በራሷ እንፋሎት ሃያ ሜትር ከሄደች እንወስዳታለን፣ የማይንቀሳቀስ ብረትማ ሞልቶናል። የሚያይ ሰው ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እንልካለን አሉ።

ባቡሯ እንደምንም ተገጣጥማ አልቃለች። የቀረው እሳት ነው። እዚህ ላይ እኔም ያለ ፈቃዴ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ለብዙ ዓመት ቀዝቅዞ የኖረ ቦይለር በአንዴ አይሞቅም፤ በአንዴ ከሞቀ ይሰነጠቃል። እንጨት በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ፣ የውሃውን ልክ እያዩ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይለዩ መቀመጥ ነው። ሰው እየተቀያየረ እሳቱ አጠገብ መገኘት አለበት። ከሦስቱ ፈረንጆች አንዱ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሆኗል፣ አንዱ ልጁ ጋ አሪዞና ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ከተቀመጠ ወዲያው ያንቀላፋል።

እሑድ የእድር ስብሰባ ላይ ጋሽ ሃይለሚካኤል እጃቸውን አወጡ። ሊቀመንበራችን ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው፤ የእድሩን ደንብ ከጸሎት መጽሐፋቸው ጋር በአንድ ቦርሳ ይዘው የሚዞሩ፣ ቀልድ የማያውቁ ሴት።

«እኔ ብሞት ስንት ቀን ትቀመጡልኛላችሁ?» አሉ ጋሽ ሃይለሚካኤል።

«እግዜር ያቆይዎት። ሦስት ቀን ነዋ፣ እንደ ሁሉም ሰው» አሉ ወይዘሮ እጅጋየሁ።

«ድንኳኑን የት ትተክሉታላችሁ?»

ጋሽ ሃይለሚካኤል የሚኖሩት ባለ አንድ ክፍል አፓርታማ ውስጥ ነው።

«እኔ ቤት ለቅሶ የሚቀመጥ ሰው የለም። ማንን ነው የምታጽናኑት? ላንድሎርዴን? በዚህ እድር ሃያ ሰባት ዓመት የሰው ድንኳን ተክያለሁ፣ የሰው ወንበር ተሸክሜያለሁ። ለራሴ ጠይቄ አላውቅም። አሁን ልጠይቅ። ሦስት ቀኔን ዛሬ ስጡኝ። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ሰዉም ሳን ሆዜ ይምጣልኝ። ስሞት ቶሎ ቅበሩኝና ወደ ሥራችሁ ሂዱ።»

ወይዘሮ እጅጋየሁ ደንቡን አወጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ረጅም ጊዜ አነበቡ።

«ጋሼ፣ ባይሎው ላይ አንድ ጊዜ ነው የሚለው። ዛሬ ከወሰዱ ወሰዱ ነው። በኋላ ድንኳን የለም፣ ተቀማጭ የለም።»

«ይሁን። እፈርማለሁ።»

«ገረመው፣ ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ። እሳቸውም ፈረሙ።

ኀሙስ ጠዋት ድንኳኑ ከሼዱ በር ላይ ተተከለ። እውነቱን ልናገር፤ ሐበሻ በሰዓቱ አይመጣም፣ ተራ አይጠብቅም፣ ስብሰባ ላይ አይስማማም። አንድ ነገር አጠገብ ሦስት ቀን በመቀመጥ ግን የሚወዳደረን የለም። ማንም ምንም ሳያዘው ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ወንዶቹ ካርታ ጀመሩ። ሴቶቹ ምግብ በየተራ ያመጣሉ፣ ሻይ አይቋረጥም። በየግማሽ ሰዓቱ ደግሞ አንድ ሰው ካርታውን አስቀምጦ ይነሳል፣ የውሃውን ልክ ያያል፣ አንድ እንጨት ይጨምራል፣ ተመልሶ ይጫወታል። እንቅልፋሙ ፈረንጅ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለእሳት ጠባቂነት አራት ሰው አሟልተው እንደማያውቁ ነገረኝና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ልጄ ቢታንያ ከኮሌጅ መጣች።

«ዳድ፣ ዌይት። ሶ ኖባዲ ዳይድ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ኤንድ ዊ አር ሲቲንግ ሂር ፎር ስሪ ዴይስ?»

«አዎ።»

ጥቂት አሰበች። «ኦኬ። ካን አይ ዱ ዘ ፋየር?» አለችና እሳቱ ጋ ሄደች። እኔ ቤት ሰሐን እጠቢ ሲባል ወገቧን የሚያማት ልጅ ናት።

አርብ ጠዋት የወርቅውሃ መጣች። የወርቅውሃ ነርስ ናት፤ አዳር ሠርታ ነው የወጣችው። በእድሩ ግሩፕ ከተላከው መልእክት ውስጥ «የጋሽ ሃይለሚካኤል ድንኳን» የሚለውንና አድራሻውን ብቻ አይታ፣ ጥቁሯን ለብሳ፣ ከሥራ በቀጥታ መንዳት ነው። በሩ ጋ ስትደርስ ድንኳን አየች፣ ወንበር አየች፣ ፂሜን ሳልላጭ ያቀረቀርኩትን እኔን አየች። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልግ?

«ወይኔ ጋሼ!» ብላ ደረቷን ደቃች። «ወይኔ ደጉ! በዚያ ዝናብ ሀይዌይ ላይ ጎማዬን የቀየሩልኝ! ኮታቸውን ለልጄ አልብሰው እሳቸው የበሰበሱ! ወይኔ ብቻዎን! ማን ዓይንዎን ከደነልዎት!»

ለምን አላስቆማችኋትም ትሉ ይሆናል። እኛ ለቅሶ ማስቆም አንችልበትም፤ አልተማርነውም። ሁለት ሴቶች የባቡር ጉዳይ መሆኑን ልቅም አድርገው እያወቁ ከመቀመጫቸው ተነስተው ተቀበሏት። ካርታ ተጫዋቾቹ ካርታውን ሸሸጉ። እኔም ሰውየው ከባቡሯ ሥር ተኝተው ብሎን ሲያጠብቁ አሁን አይቻቸው መጥቼ፣ እንባዬ መጣ።

ለካስ ከባቡሯ ሥር ይሰማ የነበረው የመዶሻ ድምፅ ከቆመ ቆይቷል። ጋሽ ሃይለሚካኤል በቱታቸው፣ ከፀጉራቸው እስከ ጫማቸው ጠቁረው፣ ተንፏቀው ወጡ። የወርቅውሃ ጮኸች፤ ይኼኛው ጩኸት ግን የለቅሶ አልነበረም። ቀርበው ሐዲዱ ላይ ተቀመጡና በግራሶ ጨርቅ እጃቸውን መጥረግ ያዙ።

«ቀጥዪ እንጂ» አሏት። «የጎማውን ነገር እኔ ረስቼው ነበር።»

ትንሽ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ። «ገረመው፣ የሚያለቅስልኝ ሰው አለ ብዬ አላስብም ነበር» አሉኝ። ከዚያ በዚያው ጨርቅ ዓይናቸውን ጠረጉና ፊታቸውን የባሰ አጠቆሩት። ስወዳቸው ዐሥር ዓመት እንዳለፈኝ የገባኝ ያኔ ነው፤ ይኼም አናደደኝ።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ የተላከው ሰውዬ መጣ። ድንኳኑን፣ ነጠላ የለበሱትን ሴቶችና አንገቱን የደፋውን ሰው ሁሉ ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ ለወይዘሮ እጅጋየሁ ሐዘኑን ገለጸ። እሳቸውም «ቴንክ ዩ። ኢት፣ ፕሊስ» ብለው ሰሐን አስያዙት። በልቶ ሲጨርስ ባቡሯን ዞሮ አያት። የግፊቱ መርፌ ከሚፈለገው ቦታ ደርሳለች። ጋሽ ሃይለሚካኤል ወደ ላይ ወጡና እጀታውን ያዙ።

ባቡሯ ተነፈሰች። አልተንቀሳቀሰችም። እንደገና ተነፈሰች። አንድ ብረት ከውስጧ አቃሰተ፣ ትልቁ መንኮራኩር እንደ ማመንታት አለ፣ ከዚያ ተሽከረከረ። ሃያ ሜትር ሳይሆን ሠላሳ ሄደች፤ መሄድ ብቻ ሳይሆን ፊሽካዋን ነፋችው። ወይዘሮ እጅጋየሁ እልል አሉ። ቀልድ የማያውቁት ሴት ናቸው የምላችሁ። ጋሽ ሃይለሚካኤል ከላይ ሆነው ስልካቸውን አውጥተው ጭሱን ቀረጹና «ለካሣ ነው» አሉን፤ «አውስትራሊያ ይይልኝ!»

ሰውዬው ፈረመ። ቁጥር ዐሥራ ሁለት አትቆረጥም፤ ጥቅምት ሳያልቅ ወደ ተራራው ትሄዳለች። የእኔ ቅዳሜ ላይም አንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ይጨመርበታል ማለት ነው።

ድንኳኑ በተመለሰ በሳምንቱ እንደ ደንቡ የሐዘን ቅጹን መሙላት ነበረብኝ። የአባል ስም፦ ሃይለሚካኤል። ድንኳን የተተከለበት ቀን፦ ኀሙስ። ቀጥሎ ያለው ክፍት ቦታ «የሟች ስም» ይላል። የእድሩ ጸሐፊ ከሆንኩ ወዲህ እዚያች ቦታ ላይ እንደዚያን ቀን ቆሜ አላውቅም። በመጨረሻ «ሟች የለም» ብዬ ጻፍኩ። ሟች ከሌለ ደግሞ በደንባችን መሠረት ሦስት ቀን የተጠቀመ ሰው የለም።

ወይዘሮ እጅጋየሁ ቅጹን አንብበው ደወሉልኝ።

«ገረመው፣ ሟች የለም ብለሃል።»

«አዎ፣ የለም።»

«ታዲያ ድንኳኑን ምን ብለን ነው ሦስት ቀን ሙሉ ያወጣነው?»

«እኔ እንጃ እትዬ» አልኳቸው። «አምስት ደቂቃ ብቻ ብለውን ነው።»

በስልኩ ውስጥ ቅጹ ላይ ሲፈርሙ የእስክሪብቷቸውን ድምፅ ሰማሁ።