መቆም ክልክል የሆነበት መንገድ

ሰው ቢሮ ገብቶ ማኅተም ከጨበጠ ያልተበላሸውን ማሻሻል ይወዳል። ወንበሩ ደህና ከሆነ ጠረጴዛውን ያዞራል፤ ጠረጴዛውም ደህና ከሆነ ከቤት ወጥቶ መንገድ ይቀይራል። እናንተም ብትሆኑ፣ አትዋሹኝ፣ ማኅተም ቢሰጣችሁ ጎረቤታችሁን ሳታሻሽሉ አታድሩም።

ሰመራ፣ ከሠራተኞች መኖሪያ ጀርባ፣ ከዋናው አስፋልት ጋር የሚገናኝ ጭር ያለ መንገድ አለ። በቀን ሁለት ባጃጅና አንድ የውሃ ቦቴ ቢያልፍበት ነው፤ የቀረው ጊዜ የፍየል ነው። ይህን መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ እናድርገው ተብሎ ኮሚቴ ሲቋቋም ጸሐፊው እኔ ሆንኩ። ሁለቱን ጫፍ በትልልቅ ድንጋይ ዘጋን። በግራ በእግር የሚሄድ፣ በቀኝ ብስክሌት የሚነዳ ብለን በነጭ ቀለም አሰመርን። «መቆም ክልክል ነው» የሚል ምልክትም ተከልን። ጽሑፉን ከመኪና ደንብ ላይ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። መኪና በማይገባበት መንገድ ላይ ማንን እንዳይቆም እንደከለከልኩ አላሰብኩበትም።

ያሰበበት ግን ነበረ። ሐጂ ሁመድ የሚባሉ የሰፈራችን ሽማግሌ በስብሰባው ላይ ተነሥተው፣ «የሚሄድበትን አየሁ፣ የሚነዳበትንም አየሁ። ሰውና ሰው ሲገናኝ የሚቆምበት የቱ ነው?» አሉ። ሳቅን። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ «ሐሳቡ ለወደፊቱ ይታያል» ብዬ ጻፍኩ። ቢሮ ሠርታችሁ የምታውቁ ትርጉሙ አይጠፋችሁም።

ለአገሩ እንግዳ የሆናችሁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ አፋር ከአፋር ጋር ሲገናኝ ዝም ተባብሎ አይተላለፍም። ይቆማል፣ ካስፈለገም ይቀመጣል። ዝናቡን፣ ግጦሹን፣ የታመመውን፣ የተወለደውን፣ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይነግራል፤ በተራውም ይነገረዋል። ዳጉ ይሉታል። እኛ ደገኞች ዘንድ ወሬ ያለ ቅመም አይሄድም፤ ዳጉ ግን ጭማሪ አይወድም። ዋሽቶ የተገኘ ሰው ሁለተኛ የሚሰማው የለም። እኔ ከደጋ መጥቼ አሥር ዓመት ስኖር ይህን ነገር የሥራ ፈት ጨዋታ አድርጌ ነበር የማየው።

ወደ ጉዱ ልግባ። ባለቤቴ ሰናይት አዋሽ ከተማ አስተማሪ ናት። ስምንተኛ ወሯን ይዛ፣ ዱብቲ ሆስፒታል ለመውለድ እኔ ዘንድ ልትመጣ ዓርብ ጠዋት በሚኒባስ ተሳፈረች። ለማታ መድረስ ነበረባት፤ አልደረሰችም። ስልክ ብሞክር ኔትወርክ የለም። እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ቅዳሜ ፀሐዩ ሳይከር ብስክሌቴን አወጣሁና በዚያው መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመርኩ። ከጫፉ ላይ ዋናው አስፋልት ስለሚታይ ሚኒባሱ ሲመጣ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው።

መንገዱ መሃል ሐጂ ሁመድ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ልክ በብስክሌቱ መስመር ላይ ቆመዋል።

«ተስፋዬ፣ ቁም» አሉኝ።

ስለ መንገዱ ሊሟገቱኝ ነው ብዬ «ስመለስ፣ ሐጂ» አልኩና አለፍኳቸው። ስመለስ «ቁም አልኩህ!» አሉ። «ሰው እየጠበቅኩ ነው፣ ሐጂ» ብዬ እንደገና አለፍኩ። ሦስተኛውንም ጊዜ በጎን ሾልኬ አመለጥኩ። በአራተኛው ዱላቸውን ከፊቴ ዘረጉት። ፍሬን ስይዝ ብስክሌቱ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ተዘረጋን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ የለቀምኩት ራሴን ነው። እንዲህ ደንግጬ አላውቅም ልላችሁ ነበር፤ ለካ ድንጋጤው ገና ነው።

ሐጂ ከጎኔ ቁጢጥ አሉ። ጉልበቴ ይደማል፤ እሳቸው ግን ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«በሚሌ በኩል ዝናብ ጥሏል፣ አልሐምዱሊላህ። የወንድሜ ልጅ ግመል ጠፍታ ነበር፣ ተገኝታለች።»

«ሐጂ፣ እባክዎ...»

«ተራውን ጠብቅ። ትናንት አዳይቱ ላይ ሚኒባስ ተሰብሯል።»

ክንዳቸውን ጨበጥኩ።

«ሰው አልተጎዳም። አንዲት ሴት ነበረች፣ አስተማሪ ናት፣ ከአዋሽ የመጣች። ስሟ ሰናይት። ባሏ ሰመራ ቢሮ የሚሠራ ተስፋዬ ነው። ምጥ መጣባት። ሴቶቻችን ቤት አስገቧት። ከመግሪብ በኋላ ወለደች። ሴት ናት። እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ለእኔ የነገረኝ ሹፌር ነው፤ ለሹፌሩ የነገረው የቤቱ ባለቤት ነው።»

አንድ ሌሊት ሙሉ አባት ሆኜ አድሬአለሁ! ንጋት ላይ ሱብሂ የሰገደ ሰው ሁሉ ይህን ሰምቷል፤ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ፤ ማፈሩም አልመጣልኝ። ልነሣ ስል ሐጂ እጄን ያዙኝ።

«ያንተስ?»

«ምን አለኝና፣ ሐጂ? ልጄ ተወልዳ ሳለ ወሬዋን የያዙትን ሰው ሦስት ጊዜ አልፌ ሄድኩ። በአራተኛው ወድቄ ጉልበቴ ደማ። ሌላ የለኝም።»

«ሰምቻለሁ» አሉና ለቀቁኝ።

ጎረቤቴ ፒክአፑን ይዞ ሊያደርሰኝ መጣ። በዚያ መንገድ ወደ አስፋልቱ እንዳንወጣ ግን እኛው የደረደርነው ድንጋይ አለ። እሱን በእጃችን ስናንከባልል፣ ቀጥሎ በሎጊያ ነዳጅ ስንጠብቅ ብዙ ቆየን፤ ስንቱ መኪና አልፎን ሄደ። መንገድ ላይ ለሰናይት የምላትን አዘጋጀሁ። አራስ ሴት ላይ መቼም እውነቱን ሁሉ አይዘረግፉም።

አዳይቱ ስንደርስ ቀትር ሆኖ ነበር። ሰናይት ልጃችንን አቅፋ ጋደም ብላለች፤ ሁለት የአፋር እናቶች ከጎኗ ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ የልጄን ፊት አየሁ።

«ሰናይትዬ፣ ወሬሽን እንደሰማሁ አንዲት ደቂቃ አልቆየሁም» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ሐጂን ሦስት ጊዜ ካለፍካቸው በኋላ ነው?»

በሩ ላይ የቆመው የቤቱ ባለቤት በኀዘኔታ ራሱን ነቀነቀ።

«ጉልበትህስ፣ ወንድሜ» አለኝ፣ «ደሙ ቆመ?»