ለቀብር የማትወርደዋ ብስክሌተኛ

(ዘመኑ የጓድና የማህተም ዘመን ነው። ቀኑ የካቲት ሃያ ዘጠኝ፣ የሴቶች ቀን። እያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሴት ብስክሌተኛ እንዲያዋጣ ታዟል፤ ከባሕር ዳር ተነስተው መሸንቲ ደርሰው ይመለሳሉ፤ ያሸነፈችው ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ደብረ ማርቆስ ትሄዳለች። የባሕር ዳር ብስክሌት ደግሞ ያደገው ሜዳ ላይ ነው፤ ዳገት ሲያይ እንደ በቅሎ ይለግማል።

ዘኪያ የነጋዴው የአቶ ሳሊህ ልጅ ናት። አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች፣ የቀበሌው ሴቶች ማህበር ጸሐፊ ናት፣ የማታውቀው ነገር ቢኖር አለማወቋን ብቻ ነው። ሙኒራ ያጎቷ ልጅ ናት። አባቷ ሐይቅ ዳር ጀልባ ይሠራል፤ እሷ መሸንቲ ድረስ ዓሣ በብስክሌት ታመላልሳለች። ስትናገር ቀስ ስለምትል ለሰው ሁሉ ቂል ትመስለዋለች።

አሁን ከመሸንቲ እየተመለሱ ነው። ዘኪያ የፔዳሉ ሰንሰለት፣ ካቴናው፣ ተበጥሶባት ብስክሌቷን በአቧራው ዳገት ሽቅብ ትገፋለች። ሙኒራ ከኋላ መጥታ ደረሰችባትና፣ ማለፍ ስትችል፣ ወርዳ አብራት ትገፋለች።)

ዘኪያ፦ ደወል ይከብዳል አልሁሽ፣ ይከብዳል!

ሙኒራ፦ ስንት ይመዝናል?

ዘኪያ፦ መመዘን አያስፈልገውም፤ ሳይንስ ነው። ብስክሌት ላይ ሆኖ የማያስኬድ ነገር ሁሉ ትርፍ ነው። ስለዚህ ደወሉን ፈታሁት፣ የጭቃ መከላከያውን ፓራፋንጎ ፈታሁት፣ መብራቱን ፈታሁት።

ሙኒራ፦ የካቴናውን ሽፋንስ?

ዘኪያ፦ እሱንም ፈታሁት።

ሙኒራ፦ ካቴናውንስ ማን ፈታው?

ዘኪያ፦ (ትንሽ ገፍታ) እሱ በራሱ ጊዜ ነው የተፈታ።

ሙኒራ፦ ሽፋን ስላጣ ቀሚስሽን ጎትቶ ጎትቶ ነው እኮ የተበጠሰ። ይኸው እኩሌታውን በልቶታል።

ዘኪያ፦ ቀለለልኝ!

ሙኒራ፦ ፍሬኑንስ አልነካሽውም?

ዘኪያ፦ የፊቱን ተውሁት። የኋላውን ፈታሁት። ወደ ኋላ አልሄድ፣ ምን ያደርግልኛል?

ሙኒራ፦ (አሰበች) እሱስ እውነት ነው።

ዘኪያ፦ አንቺ ግን እግዜር ያሳይሽ፤ ውድድር ላይ የዓሣ ቅርጫት ጭኖ የሚመጣ የት አለ? መነሻው ላይ ሁለት ሴትዮ መጥተው «ትልቁ ስንት ነው?» ሲሉሽ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ነበር።

ሙኒራ፦ ቅርጫቱ ከሌለ ብስክሌቱ ይደነግጣል። ለምዶታላ።

ዘኪያ፦ ብስክሌት ይደነግጣል! ወላሂ ካንቺ ጋር ከማወራ ከዚህ ድንጋይ ጋር ባወራ ይሻለኛል። ለምንስ አታልፊኝም? አንቺ እንደሁ ካቴና አለሽ።

ሙኒራ፦ አንቺን ዳገት ላይ ጥዬ? ኋላ እናትሽን ምን ብዬ አያቸዋለሁ?

ዘኪያ፦ (ልቧ ትንሽ ራራ፤ ግን ወዲያው ተመለሰች) ለኔ አትዘኝልኝ። ለኔ ማንም አይዘንልኝ። ብቻ አባባ ያለውን ታውቂያለሽ።

ሙኒራ፦ አውቃለሁ። «ካሸነፍሽ ደብረ ማርቆስ ትሄጃለሽ፤ ካላሸነፍሽ ብስክሌቱ ይሸጣል፣ አንቺም ወረታ አጎትሽ ሱቅ ገብተሽ ጨው ትሰፍሪያለሽ» ብለዋል።

ዘኪያ፦ «ጨው» ስትይ ምነው ድምፅሽን ከፍ አደረግሽው?

ሙኒራ፦ እሳቸውም እዚያ ላይ ነው ከፍ ያደረጉት።

ዘኪያ፦ ጨው አልሰፍርም! ያን ሁሉ ዓመት ጆሜትሪ ተምሬ ጨው አልሰፍርም። እይ፣ ጫፉ ላይ ደርሰናል። ጣና ያውና። ከዚህ ወዲያ ቁልቁለት ነው፤ ቁልቁለት ላይ ካቴና ጌጥ ነው። ከፊታችን ያሉት ሁለት የፋብሪካ ሰፈር ልጆች ብቻ ናቸው።

ሙኒራ፦ እነሱ አሁን ገብተዋላ።

ዘኪያ፦ ይግቡ! ገብተው ምን ይዘው ነው? ማህተም አላቸው?

ሙኒራ፦ የምን ማህተም?

ዘኪያ፦ ያ ረቢ! ደረትሽ ላይ የወሸቅሽው ወረቀት ምንድነው? መሸንቲ ላይ ጠረጴዛ አለ፣ ጠረጴዛው ጋ አቶ ወልደ ሐዋርያት የሚባሉ ሰው አሉ፣ እሳቸው ወረቀትሽ ላይ ማህተም ይመቱልሻል፤ ደርሰሽ ለመመለስሽ ማስረጃ። ያን ደንብ ያረቀቀው ማን ነው?

ሙኒራ፦ አንቺ።

ዘኪያ፦ እኔ! አንቀጽ ሰባት። አምና ግማሽ መንገድ ሄደው ዛፍ ሥር ተኝተው የተመለሱ ስለነበሩ። ታዲያ ዛሬ መሸንቲ ስደርስ፣ ጠረጴዛ አለ፣ ወንበር አለ፣ አቶ ወልደ ሐዋርያት የሉም። ያለችው ጠረጴዛው እግር ላይ የታሰረች ፍየል ናት። የፋብሪካ ልጆች ጠረጴዛውን ዞረው እልም! ሌሎቹማ ከመንገድ ቀርተዋል።

ሙኒራ፦ ሰውየውማ እኮ—

ዘኪያ፦ አታቋርጪኝ። እንግዲህ እኔ እገባለሁ፣ «ጓዶች፣ የእነዚህ ማህተም የታለ?» እላለሁ። የላቸውም። ወደቁ!

ሙኒራ፦ ያንቺስ?

ዘኪያ፦ የኔ ይለያል። እኔ እንደሌለኝ አውቄ ነው የሌለኝ። እነሱ ሳያውቁ ነው። ሕግ ላይ ትልቅ ልዩነት አለው።

ሙኒራ፦ (አሰበች፤ አልገባትም፤ ተወችው) ሰውየው ግን እኮ ዘኪያ፣ ቀብሩ ላይ—

ዘኪያ፦ ቀብሩን አታንሺብኝ! ደሜን ነው የምታፈይው። ስንሄድ ያን ቀብር ባናገኝ፣ ብናገኘውም አንቺ ባትወርጅ፣ ይኸኔ ሁለታችንም ከፊት ነበርን። ለምን ወረድሽ?

ሙኒራ፦ ቀብር ነዋ! ቀብር ያገኘ፣ በቅሎ ላይ ያለም ይወርዳል፣ ፈረስ ላይ ያለም ይወርዳል። ሰባት እርምጃ ሸኝቶ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይሄዳል።

ዘኪያ፦ ብስክሌት በቅሎ ነው? ሟችዋን ታውቂያታለሽ?

ሙኒራ፦ እሜቴ ፅጌ ማርያም ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ሁለት ሁለት ዓሣ ይገዙኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «ጭንቅላቱን ቁረጭልኝ» ብለው አድክመውኝ አያውቁም።

ዘኪያ፦ ለጭንቅላት ነው ውድድር የተውሽው! እኔ ዞሬ ሳይሽ ሰባት እርምጃ አልነበረም። ቃሬዛው ሥር ገብተሽ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ስታወሪ ነው ያየሁሽ።

ሙኒራ፦ እሳቸው እኮ ናቸው—

ዘኪያ፦ ማንም ይሁኑ! እኔ ምን እንዳደረግሁ አይተሻል? አልወረድሁም። ደወል ስለሌለኝ፣ «መንገድ! ለሴቶች ቀን መንገድ!» እያልሁ መሃላቸውን ሰንጥቄ አለፍሁ። እንዴት እንደከፈቱልኝ!

ሙኒራ፦ ካድሬ መስለሻቸው ነው። ቄሱ እንኳ ጃንጥላቸውን ይዘው ገደል ሊገቡ ነበር። ካለፍሽ በኋላ ሽማግሌው፣ «እንዲያው ካቴናዋን ይበጥሰው» አሉ።

ዘኪያ፦ (ቆመች) እንዲያ አሉ?

ሙኒራ፦ «አሜን» ያሉትም ብዙ ናቸው።

ዘኪያ፦ (ካቴናዋን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ ኮርቻው ላይ ወጣች) በአጉል እምነት አላምንም። ቢስሚላህ!

(ቁልቁለቱን ለቀቀችው። መጀመሪያ ነፋሱ ደስ አላት። ሁለተኛ ጠጠሩ ተሰማት። ሦስተኛ የፊት ፍሬን ብቻውን ሲይዝ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ትዝ አላት፤ ጆሜትሪ መሆኑ ነው። ፍሬኑን ለቃ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው መጨረሻው ላይ ቀድሞ የተበጠሰውን ሪባን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ የለስላሳ ሣጥን የተደረደረበት ጠረጴዛ ሥር ተጋድማ ነበር። ሰው ያጨበጭባል። ከሰው መሃል አባቷ ጢሙን ይጎትታል። ሁለቱ የፋብሪካ ልጆች ቀድመው ገብተው፣ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው አገጫቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። የውድድሩ ኃላፊ ጋሽ ቢያዝን ወረቀት ይዘው ወደ ዘኪያ ጎንበስ አሉ።)

ጋሽ ቢያዝን፦ ተርፈሻል?

ዘኪያ፦ (ከጠረጴዛው ሥር) ጓድ ጋሽ ቢያዝን፣ ተቃውሞ አለኝ! የእነዚህ የፋብሪካ ልጆች ማህተም ይታይልኝ!

ጋሽ ቢያዝን፦ ታይቷል። የላቸውም። ወድቀዋል።

ዘኪያ፦ (እየተነሳች) እሰይ! እንግዲህ አንደኛ ማን ሆነ?

ጋሽ ቢያዝን፦ ያንቺን አምጪዋ።

ዘኪያ፦ የኔ... ምክንያት አለኝ።

ጋሽ ቢያዝን፦ ቆይ። ደንቡ እዚህ አለ። (ያነባሉ) «አንቀጽ ሰባት። የመሸንቲ ማህተም የሌላት ተወዳዳሪ፣ ብትመጣም እንዳልመጣች ትቆጠራለች። ምክንያት አይሰማም።» የእጅ ጽሑፉ የማን ነው?

ዘኪያ፦ (በቀጭን ድምፅ) የኔ።

ጋሽ ቢያዝን፦ «አይሰማም» የሚለው ሥር ሁለቴ አስምረሽበታል። በቀይ።

ዘኪያ፦ እርስዎ ይስሙኝ እስቲ ጋሽ ቢያዝን፣ ሰውየው ጠረጴዛው ላይ አልነበሩም! እማኝ አለኝ!

ጋሽ ቢያዝን፦ ማን?

ዘኪያ፦ (ዙሪያዋን ቃኝታ) ፍየል።

(ሰው ሳቀ። አባቷ ጢሙን መጎተት ትቶ ከጎኑ ላለው ሰው ብስክሌቷን በጣት ያሳየው ጀመር። ወረታ፣ ያጎቷ ሱቅ፣ የጨው ጆንያ፣ ሁሉም ዘኪያ ዓይን ላይ ተደረደሩ። በዚህ መሃል ከሩቅ ደወል ተሰማ፤ ቅል፣ ቅል፣ ቅል። ሰው መንገድ ከፈተ። ሙኒራ ቅርጫቷን እንደጫነች ቀስ ብላ መጣች፤ ወረደች፤ ለጋሽ ቢያዝን እጅ ነሳች።)

ጋሽ ቢያዝን፦ እንደው ለወጉ፣ ያንቺስ ወረቀት?

ሙኒራ፦ (ከደረቷ እያወጣች) ትንሽ ላብ ነክቶታል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጋሽ ቢያዝን፦ (ወደ ፀሐይ ያዙት፤ አገላበጡት) ማህተም! ክብ ነው! ፊርማም አለው!

ዘኪያ፦ የት አገኘሽው?!

ሙኒራ፦ ዳገቱን ሙሉ ልነግርሽ ነበር። ሽማግሌው እሳቸው ናቸው፤ አቶ ወልደ ሐዋርያት። እሜቴ ፅጌ ማርያም የእድራቸው ሰው ስለሆኑ ከቀብር መቅረት አልቻሉም። ማህተሙን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ትተው ቢሄዱና ቢጠፋ ማን ያምናቸዋል? በዚህ ጊዜ! ኪሳቸው ከተው ቃሬዛ ሊሸከሙ መጡ። እኔ ሰባተኛው እርምጃ ላይ ስደርስ፣ «ልጄ፣ ብስክሌት ይዘሻል፣ ተወዳዳሪ ነሽ?» አሉኝ። ቃሬዛውን ለሌላ ሰው ሰጥተው፣ ጀርባዬ ላይ አስደግፈው መቱልኝ።

ጋሽ ቢያዝን፦ መሸንቲስ ደረስሽ?

ሙኒራ፦ ደረስሁ እንጂ። ጠረጴዛውን ዞርሁ። ፍየሏ የታሰረችበት ገመድ ተጠምጥሞባት ነበር፣ ፈታሁላት።

(ጋሽ ቢያዝን የሙኒራን እጅ ወደ ሰማይ አነሱት። ዘኪያ ለማጨብጨብ እጇን አነሳች፤ አንዱ እጇ የለስላሳ ጠርሙስ ይዞ ኖሯል፤ ጠጣችው።

ከሰዓት በኋላ፣ በሹም አቦ ሰፈር በኩል ወደ ቤት። ሙኒራ ገና ወረቀቱ ያልተላጠለት የሽልማት ብስክሌት ላይ ናት። የዘኪያ ብስክሌት እዚያው ሜዳው ላይ ገዢ አግኝቷል። ዘኪያ የተቀመጠችው የዓሣ ቅርጫት ያለበት አሮጌው ላይ ነው።)

ዘኪያ፦ ይሸታል።

ሙኒራ፦ ትለምጅዋለሽ። ከጨው ይሻላል። አባትሽን ለምኛቸዋለሁ፤ እኔ ደብረ ማርቆስ ሄጄ እስክመለስ መሸንቲ ዓሣውን አንቺ ታደርሽልኛለሽ፤ ወረታ ለጊዜው ቀረ።

ዘኪያ፦ (ዕንባዋ መጣ፤ ዋጠችው) ቅርጫቱን ብፈታውስ?

ሙኒራ፦ ይደነግጣል አልሁሽ።

ዘኪያ፦ እሺ፣ እሺ። አልነካውም። ደወሉንም አልነካውም።

(መታጠፊያው ላይ አራት ሰዎች አንድ ረጅም ነገር ተሸክመው ብቅ አሉ። ዘኪያ ብስክሌቱ ሳይቆም ዘላ ወረደች፤ ሻሿን አስተካከለች፤ ራሷን ደፍታ ከኋላቸው ተከተለች።)

ሙኒራ፦ ዘኪያ! ምን ሆንሽ?

ዘኪያ፦ (በሹክሹክታ) ውረጂ! ቀብር ነው!

ሙኒራ፦ የምን ቀብር? አልጋ እኮ ነው! የሙሽራ አልጋ ነው፤ ከአናጢ ቤት ወደ ሙሽራው ቤት እየወሰዱት ነው።

ዘኪያ፦ (እርምጃዋን እየቆጠረች) ሦስት... አራት... ዝም በይ አንቺ! አምስት... ማህተሙ በማን ኪስ እንዳለ በምን ይታወቃል?